በጠፍር የታሰረው ሻንሲ

ዋሴ አፉን ባይከፍት ኖሮ ነገሩ በሽምግልና ያልቅ ነበር።

ሚስቱ እሌኒ «በቃኝ፣ እናቴ ቤት እሄዳለሁ» ካለች በኋላ የሁለቱም የንስሐ አባት አባ ልደቱ ባልና ሚስቱን ፊታቸው አስቀምጠው ሲያባብሉ ነው የዋሉት። አንዴ እሱን ሲቆጡ፣ አንዴ እሷን ሲለምኑ፣ ወደ ማምሻው ላይ ልቧ ራራ ብሎ ነበር። «እስቲ እስከ ክረምት ልየው» የሚለው ቃል ከንፈሯ ላይ ደርሷል። ታዲያ ይሄ ሰው ዝም ይላል? ዝም ቢል ምን ነበረበት! ብድግ ብሎ፣ «አባ፣ ለሰኔ ሚካኤል ዳባት እናቷ ደጅ ድረስ፣ በገዛ እጄ በሠራሁት መኪና፣ አጠገቤ አስቀምጬ አደርሳታለሁ። ካላደረስኳት እናቷ ዘንድ ትቅር። እኔም ሁለተኛ ስሟን አልጠራም» አለ።

«ልጄ፣ ማን ጠየቀህ?» አሉት አባ ልደቱ።

ማንም አልጠየቀውም። እሌኒ ግን ጆሮዋን ቀስራ ነበር። «ሰምተዋል አባ» አለች ነጠላዋን እያስተካከለች። «እኔ አላልኩም፤ ራሱ ነው ያለው። ካደረሰኝ አብሬው እመለሳለሁ፤ ስለዚያ ብረትም አንዲት ክፉ ቃል አይወጣኝም። ካላደረሰኝ ግን አበቃ።» በዚህ ተነሡ። ዋሴ ያለው ነገር የገባው ወደ ቤቱ ሲሄድ መንገድ ላይ ነው።

ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ይሄ ይታወቅለት። ጊች ተወልዶ፣ ደባርቅ ወርዶ፣ ከአጎቱ ሥር የብረት ሥራ የተማረ፣ እጁ የተባረከ በያጅ ነው። ደባርቅ ውስጥ ብረት አልጋ ላይ ከሚተኛው ሰው ግማሹ እሱ በበየደው ላይ ነው ጎኑን የሚያሳርፈው። የአንዲት ምስኪን በር ተሰብሮ ከሆነ ሳይጠሩት ሄዶ ጠግኖ ይመለሳል፤ ምሳ አብሉኝ እንኳን አይልም። እሌኒንም ያገኛት ዳባት ለአባቷ ለአቶ ገዱ መስኮት ሊገጥም ሄዶ ነው። የአንድ ቀን ሥራ ነበር። እሱ ግን የገጠመውን እየነቀለ፣ «ትንሽ ይጎድለዋል» እያለ፣ እዚያው ሰነበተ። ልጅቷ ሻይ ስታቀብለው ያጠበቀውን ብሎን መልሶ እንደሚፈታ እናቷ ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ናቸው መጀመሪያ ያዩት። ይወዳት ነበር። አሁንም ይወዳታል። ጣጣው እሱ አይደለም።

ጣጣው አንድ ቪዲዮ ነው። ኢንተርኔት ሳይዘጋ በፊት ስልኩ ላይ ያወረደው ነው። ሁለት ፈረንጆች የውድድር መኪና ያሳያሉ፤ ዝቅ ያለች፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ሆዷ መሬቱን ሊነካ ምንም የማይቀራት። ሁለት ናቸው፤ ስማቸው አንድ፣ መልካቸው አንድ፤ አንዷ ያምና ሞዴል፣ ሌላዋ የዘንድሮ። ከላይ ሲያዩአቸው ምንም ልዩነት የላቸውም። ፈረንጆቹ ላሜራውን ገፈው ሻንሲውን፣ ያን ሞተሩም ወንበሩም ጎማውም የሚንጠለጠልበትን አጥንት፣ ለብቻው ያወጡታል። ከዚያ ባንድ ጫፉ አጥብቀው ያስሩትና በሌላው ጫፍ ይጠመዝዙታል። ያምናው ይጠመዘዛል። የዘንድሮው እምቢ ይላል። ሰውየው እጁን እያወናጨፈ «ስቲፍ! ስቲፍ!» ይላል። ዋሴ ከሚባለው ሁሉ የገባችው ይቺ ቃል ብቻ ናት። አልጠመዘዝም ባይ ማለት መሆኗን ከአድራጎቱ ተረዳ።

ተረድቶስ ዝም አለ? ሙጥኝ አለባት እንጂ! ዳቦ ሲደርቅ ስቲፍ፣ ብርዱ ሲጠና ስቲፍ፣ እሌኒ ስታኮርፍ እንኳን «ዛሬ ስቲፍ ሆነሻል» ይላት ጀመር። የመናኸሪያ ልጆች የክርስትና ስሙንም የዓለም ስሙንም ትተው «ስቲፍ!» ብለው ይጣሩታል። እሱም «አቤት» ይላል፣ ደስ ብሎት።

ከዚያ ወዲያ የራሱን መሥራት ጀመረ። የእሱም መኪና እንደ ፈረንጆቹ በየዓመቱ ሞዴል ነበራት። የሁለት ሺህ አሥራ ሦስቱ ሞዴል ሻንሲ በአልጋ ቱቦ የተሠራ ነው፤ የሚያውቀው እሱን ነዋ። ከአሮጌ ባጃጅ የወጣ ሞተር ከኋላ አስቀምጦ፣ ሜዳው ላይ ሰው ተሰብስቦ ሲያይ፣ ቀጥታውን አሳምሮ ሄደ። ሲዞር ግን ሻንሲው ተጣመመ፣ በሩ ራሱ ብርግድ አለ፣ ዋሴም ግማሽ አካሉ ውጭ ተንጠለጠለ። ደግሞ የሚያሰማው ድምፅ! ሲጢጥ፣ ሲጢጥ፣ ሲጢጥ። «ሙሽሮቹ መጡ!» ብሎ አንዱ ሲጮህ ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። እሌኒ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ ጎትታ ወደ ቤቷ ገባች።

የአሥራ አራቱን በተቃራኒው አደረገው። ለግቢ በር በሚሆን ወፍራም ብረት አስሮ አስሮ፣ አንዲት ጣት የማይነቃነቅ አደረገው። «አሁን ስቲፍ ነው» አለ። ስቲፍስ ነበር! ኮብል ድንጋዩ ላይ ሲወጣ ሦስት ጎማ መሬት ይዞ አራተኛው አየር ላይ ተሰቀለ። ድንጋዩ ሁሉ በወንበሩ አልፎ ጥርሱ ላይ ይመታዋል። ጥቂት እንደሄደ የተበየደው ሁሉ ጧ ጧ እያለ ተሰነጠቀ። ያን ቀን ትልቁ ሰው መንገድ ዳር ቁጭ ብሎ አለቀሰ። እሌኒም አብራው ተቀምጣ እንባውን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችለት። ይሄንን ደግሞ ማንም አያወራም።

በአሥራ አምስት ብረትም ሰላምም አልነበረም፤ ዘለለው። በአሥራ ስድስት ግን እግዜር አሳየውና ነገሩ ገባው። ሻንሲ ወገቡ ላይ መጠንከር፣ ጫፍና ጫፉ ላይ ደግሞ ለመንገዱ ትንሽ መታዘዝ አለበት። ወገቡን በወፍራሙ ብረት፣ ጫፎቹን በቱቦ ሠራ። ቆንጆ ነበር፤ እውነት ለመናገር ውብ ነበር። ለእሱ ሲባል ግን የእሌኒ የልብስ ስፌት ማሽን ከክፍሉ ወጥቶ በረንዳ ላይ ብርድ መታው። ደንበኞቿ አንድ ባንድ ወደ ሌላ ሰፊ ሄዱ። እሷም አንድ ቀን በሩ ላይ ቆማ፣ «ልጅ እናስተኛበታለን ባልነው ክፍል ሞተር አስተኛህበት» አለችው። እሱ ከብረቱ ሥር ሆኖ፣ «ትንሽ ነው የቀረኝ፣ እሌኒዬ» አላት። አባ ልደቱ የተጠሩት ከዚያ በኋላ ነው።

ትንሽ ነው የቀረኝ ያለው ውሸት አልነበረም። የቀረው ወገቡና ጫፎቹ የሚገናኙባቸው አራት መጋጠሚያዎች ብቻ ነበሩ። ቃሉን ከሰጠ በኋላ ግን መብራት ጠፋ። ዛሬ ይመጣል፣ ነገ ይመጣል ሲባል አልመጣም። ጀነሬተር እንዳይከራይ ነዳጅ የለም፤ የያዛት ቤንዚን ለጉዞዋ የተቀመጠች ናት። ዋሴ የብየዳ መሣሪያውን ታቅፎ ቁጭ ብሎ አምፖሉን ያያል። ሰኔ ሚካኤል እየመጣ ነው። «ልሂድና አባን ቀኑ ይራዘምልኝ ልበላቸው?» ይላል ለራሱ። «እሌኒ ምን ትላለች? አሁንም እንደ ልማዱ ትላለች።» እሷን ማጣቱ ሌት ተቀን አንጎሉ ውስጥ ይዞራል። ባዶ ቤት፣ ባዶ በረንዳ፣ ያ ማሽን የቆመበት ቦታ። ጨርቁን ጥሎ አላበደም እንጂ ሌላው ሁሉ ደርሶበታል።

በቅዳሜ ገበያ ሲያልፍ ነው ዓይኑ እርጥብ የበሬ ቆዳ ላይ ያረፈው። ቀጥ ብሎ ቆመ። አባቱ ጊች ላይ ሞፈር ሲሰነጠቅ፣ ድግር ሲላላ ምን ያደርግ ነበር? ቆዳ በጠፍር በጠፍር ይተለትላል፣ ውኃ ይነክራል፣ አጥብቆ ይጠመጥማል፣ ፀሐይ ላይ ያውለዋል። ሲደርቅ ብረት ነው። ዋሴ ቆዳውን ተሸክሞ ወደ ቤት በረረ። አራቱንም መጋጠሚያ በእርጥብ ጠፍር እየሳበ፣ በእግሩ እየረገጠ፣ በጥርሱ ጭምር እየጎተተ ጠመጠመ። የደባርቅ ነፋስና ፀሐይ ተጋግዘው አደረቁት። በመዶሻ ሲመታው ድም አለ። በአንድ ጫፉ አስሮ እንደ ፈረንጆቹ ሲጠመዝዘው እምቢ አለ። «ስቲፍ!» ብሎ ብቻውን ጮኸ። ከዚያ ብየዳ እንዲመስል በጥቁር ቀለም ደራርቦ ቀባው። እሌኒ «ምን ነው የቀባኸው?» ስትለው «ዝገት እንዳይበላው ነው» አላት። አባቱ ክረምት በመጣ ቁጥር የላላውን ጠፍር እንደገና ሲያጠብቅ ይውል እንደነበር ወይ አላስታወሰም፣ ወይ ሊያስታውስ አልፈለገም።

ሰኔ ሚካኤል ደረሰ። አቶ ገዱ ቤት ዝክር አለ፤ አባ ልደቱም በዋዜማው ዳባት ሄደው አድረዋል። ጠዋት እሌኒ ነጭ ልብሷን ለብሳ፣ ትንሽ ሻንጣዋን ይዛ ወጣች። «ሻንጣው ለምንድን ነው?» አላት ደንግጦ። «ካልደረስን የምቀርበት ነው፤ ከደረስን ይዤው እመለሳለሁ» አለችው። የመናኸሪያ ልጆች ከብበው፣ «ስቲፍ፣ ሙሽራዋን አጥብቀህ ያዛት!» ይላሉ። ኬላው ላይ ያለው ጠባቂ ሰሌዳ የሌላትን መኪና ዞሮ ዞሮ አይቶ፣ ሳቁን ማፈን ቢያቅተው፣ «በሉ እለፉ፣ ሚካኤል ይከተላችሁ» ብሎ ገመዱን ዝቅ አደረገላቸው።

ሄደች። በእመቤቴ፣ ሄደች! አስፋልቱ ላይ ቀጥ ብላ፣ ሳትንገጫገጭ፣ ሳትጣመም። እሌኒ መጀመሪያ በሁለት እጇ ወንበሩን ጨምድዳ ነበር። ቆየት ብላ አንዱን ለቀቀች። ቆየት ብላ ሌላውንም። ማዶ ገብሱ ገና ቡቃያ ነው፤ ሰው ሁሉ ከማሳው ቀና እያለ ያያቸዋል።

«ዋሴ፣ ትሄዳለች እኮ» አለችው።

«ወገቧ ነው» አላት መሪውን እያሻሸ። «ወገቧን ነው ያጠነከርኩት። የአሥራ ሦስቱ...»

«ተው አሁን፣ ዝም ብለህ ንዳ» አለችው። ፈገግ ብላ ነበር። ከስንት ጊዜ በኋላ! ዋሴ መንገዱን ትቶ እሷን ሲያይ ገደል ሊገባ ነበር።

ከዳባት በፊት ያለችውን ወቅንን ሊደርሱ ሲሉ ጉም ወረደ። ጉሙን ተከትሎ ካፊያ መጣ፤ የሚያበሰብስ ሳይሆን ያ ቀስ ብሎ አጥንት የሚገባው። ጎማው ከአስፋልቱ የሚያነሣው ውኃ ከሥር ይረጫል። ዋሴ መሪው ትንሽ እንደ ከበደው ተሰማው። «መንገዱ ነው» አለ በልቡ። ቀጥሎ የእሌኒ በር ላይኛው ጫፍ ከተገጠመበት ወደ ውስጥ ሲጠጋ አየ። ዓይኑን ወደ መንገዱ መለሰ።

«ይሄ የምን ሽታ ነው?» አለች።

«የምን ሽታ?»

«ቆዳ ቆዳ ይላል። እርጥብ ቆዳ።»

«የወንበሩ ይሆናል።»

«ወንበሩ ጨርቅ ነው፤ እኔ ነኝ የሰፋሁት» አለችው።

እውነቷን ነው። አኩርፋ ሳለች፣ በረንዳ ላይ፣ በዚያ ብርድ በመታው ማሽን ነው የሰፋችለት። ዋሴን ያዳነው የወቅን ውሻ ነው፤ ወይም ገደለው። አንድ ውሻ ከአንድ ግቢ ወጣ፣ አፍንጫውን ቀሰረ፣ ከዚያ እየጮኸ መከተል ጀመረ። ሌላ ተጨመረ። የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ነቅሎ ወጥቶ መኪናዋን ከበባት። አንዱ ደፋር ከሥር ገብቶ ነከሰና ይጎትት ጀመር። ዋሴ አቁሞ ወረደ፤ በድንጋይ አባረራቸው። እሌኒም በሩን በትከሻዋ ገፍታ ወረደች። ከመኪናዋ ሆድ ሥር ጥቁር ቀለም የተቀባ፣ ውኃ የጠጣ፣ የውሻ ጥርስ ያረፈበት ጠፍር ተንጠልጥሏል።

እሌኒ ጎንበስ ብላ በሁለት ጣቷ ያዘችው። «ጠፍር?»

«መብራት የለማ!» ብሎ ጮኸ ዋሴ። «ምን ላድርግ? መብራት የለም፣ ነዳጅ የለም፣ ቀኑ ደረሰ፣ አንቺ ልትሄጂብኝ ነው! አባቴ ሞፈሩን በዚህ ነበር... ሲደርቅ ስቲፍ ነበር፣ እሌኒ፣ በሚካኤል ስቲፍ ነበር!»

እሷ ሳቀች። መጀመሪያ በአፍንጫዋ፣ ከዚያ ወገቧን ይዛ፣ ከዚያ እንባዋ እስኪወርድ። የማሾፍ ሳቅ አልነበረም። «አንተ ልጅ» አለችው፤ ፊቱን በመዳፏ ያዘችው፤ እጇ ቆዳ ቆዳ ይሸት ነበር። «በጠፍር አስረህ ነው እኔን የምታቆየኝ?» ከዚያ ሳቋ በረደና ወደ መንገዱ አየች። «ስማኝ፣ ዋሴ። እዚሁ እንተዋት። አንድ ሰው ግቢ እናስገባትና ሚኒባስ እንያዝ። ዳባት መግቢያ ላይ ነው የቆመችብን፣ እስከዚያ አድርሶኛል እላለሁ። አባ ፊትም እላለሁ። ኃጢአቱ በእኔ ይሁን።»

ከዚህ በላይ ምን ትበለው? ሰው ከዚህ በላይ ምን ይለመናል? ዋሴ እጇን ሊስም ጎንበስ ብሎ ነበር። ዓይኑ ግን መኪናዋ ላይ አረፈ። ካፊያው ውስጥ ቆማለች፤ ወገቧ ትንሽ ብቻ ነው የረገበው። ዳባት እኮ እዚያው ናት።

«አይሆንም» አለ። «በውሸት አላስቀርሽም። በእውነት ነው የማደርስሽ።» ጠፍሩን በሽቦ ደግፎ አሠረ። እሌኒ እጇን በነጠላዋ ጠርጋ ገባች።

ከወቅን ወዲያ ዳገቱ ሲጀምር መኪናዋ አቃሰተች። ወገቧ ረገበ፤ ሆዷ አስፋልቱን ጫር፣ ጫር አደረገው። ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው ግን ከሰው እርምጃ አይፈጥንም። ዋሴ ጥርሱን ነክሷል፤ ላቡ ዓይኑ ውስጥ ይገባል።

«ክብደት ነው» አለች እሌኒ። «ልውረድልህ። ዳገቱን በእግሬ ልውጣው፣ ራሱ ላይ ጠብቀኝ።»

«ቃሌስ?»

«ማን ያያል? እኔ እንደሁ አልናገር።» በሩን ገፍታ ገፍታ ከፈተችው። «ራሱ ላይ፣ እሺ? ብርዱ ሳይገለኝ።» ሻንጣዋን ወንበሩ ላይ ትታ ወረደች፤ በሩንም በስንት ግፊያ መልሳ ዘጋችለት።

እሷ ስትወርድ መኪናዋ ተነፈሰች። ሆዷ ከመሬት ተነሣ፣ መጫሩ ቆመ። ዋሴ ማርሽ ቀየረ፤ እሺ አለችው። ዳገቱን ወጣች። ራሱ ላይ ጉሙ ተገፍፎ ሜዳው ወለል ብሎ ታየ፤ መንገዱ ወደ ዳባት እንደተዘረጋ ጨርቅ ቀጥ ብሎ ተኝቷል። እግሩ ፍሬን ላይ ወጣ። ሊቆም ነበር፤ እግዜር ምስክሩ ነው፣ ሊቆም ነበር። ግን እንዲህ ሄዳ አታውቅም። የአሥራ ሦስቱም፣ የአሥራ አራቱም እንዲህ አልሄዱም። «አሁን ብቆም ትረግባለች» አለ። «ሁለት ሆነን ብንቀመጥ እዚሁ ትቆረጣለች። አንዴ ደጁን ልርገጥ፣ አባ ይዩአት፣ ከዚያ ተመልሼ አመጣታለሁ።» መስተዋቱን አየ። ከዳገቱ ራስ ላይ ነጭ ነጠላ ብቅ ብሎ ቆመ። እጅ ወደ ላይ ተነሣ።

«እመለሳለሁ!» ብሎ ጮኸ ዋሴ፤ የሚሰማው ግን ሞተሩ ብቻ ነበር። እግሩን ከፍሬኑ አነሣ።

ዳባት ሲገባ ሰው ከየሱቁ ወጣ። ሕፃን አዋቂው ተከተለው። ክላክሱን እየነፋ የአቶ ገዱን ሰፈር ሲታጠፍ ደስታው ከአቅሙ በላይ ነበር፤ ለምን ይደበቃል፣ በሕይወቱ እንደዚያች ቅጽበት ተደስቶ አያውቅም። ደጁ ላይ አቆመ። ሲያቆም ከሥሩ አንድ ነገር ጧ አለ፣ መኪናዋም ወገቧን ይዛ እንደምትቀመጥ አሮጊት ዝቅ አለች። ሞተሩ ጠፋ። ምን ቸገረው፤ ደርሷል።

ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ነጠላቸውን እያጣፉ እልል እያሉ ወጡ። እልልታው መኪናዋ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«ዋሴ፣ ልጄስ?»

ዋሴ ወደ ጎን ዞሮ ወንበሩን አየ። ሻንጣው ተቀምጧል።

«አለች፤ ትመጣለች እማማ... ዳገቱ ላይ... ሻንሲው ነው፣ ሁለት ሰው አልሸከም አለ። አሁን ተመልሼ አመጣታለሁ።»

አቶ ገዱ ከአባ ልደቱ ጋር ከኋላ መጡ። ሻንጣውን አዩት። ሚስቱን የሚፈታ ሰው ዕቃዋን ለአባቷ እንደሚመልስ ማን አያውቅም? ሽማግሌው ቀለማቸው ተለወጠ። «ልጄን መንገድ ላይ ጥለህ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ሻንጣዋን አመጣህልኝ?»

«አይደለም አባባ! በመድኃኔ ዓለም አይደለም! እንዲያውም አሁን...» በሩን ገፋው። በሩ እምቢ አለ። ሻንሲው ሲረግብ ሁለቱንም በር ነክሶ ይዟቸዋል። የሷን ገፋ፤ እሱም እምቢ አለ። ሞተሩን አስነሣ፤ አንዴ አስሎ ዝም አለ። አባ ልደቱን በመስኮቱ አያቸው። እሳቸው መሬት መሬት ያያሉ። «አባ፣ ደርሻለሁ እኮ» አላቸው።

አንድ ሚኒባስ ከሰዉ ኋላ ቆመ። እሌኒ ወረደች። ነጭ ልብሷ እስከ ጉልበቷ ጭቃ፣ ፀጉሯ ርሷል። ሰዉ መንገድ ለቀቀላት። ወደ መስኮቱ መጣች።

«እሌኒዬ፣ ልመለስልሽ ነበር!» አላት ሁለት እጁን በመስኮቱ አውጥቶ። «አንዴ ደጁን ረግጬ ልመለስ ነበር፣ በልጅሽ፣ በምትወልጂው!»

«አውቃለሁ» አለች። ብትቆጣ፣ ብትራገም ይሻለው ነበር። «ልትመለስ ነበር። ግን አይተኸኛል፣ አይደል? እጄን ሳነሣ አይተኸኛል።»

አላየሁም ሊል ፈለገ። ቀኑ ሚካኤል ነው፣ አባ ቆመዋል፣ እሷም ፊቱ ናት። «አየሁሽ» አለ።

ራሷን ነቀነቀች። ዞራ በወዲያኛው መስኮት እጇን ከትታ ሻንጣዋን አወጣችና ወደ እናቷ በር ሄደች። ዋሴ በሩን በትከሻው ይመታል፣ በእግሩ ይረግጣል፣ «እሌኒ! እሌኒ!» ይላል፤ ላሜራው ግን አልነቃነቅም አለ። ያዘኑለት ሁለት ጎረምሶች ድጅኖ ይዘው መጡና በሩ ሥር ሸጉጠው፣ «ዞር በል ጋሼ፣ እንገንጥለው» ብለው ተረባርበው ተጫኑት። ከሥር ጠፍሩ ሲበጠስ፣ ብረቱ ሲጣመም ተሰማ።

«ቀስ!» ብሎ ዋሴ ባለ በሌለ ድምፁ ጮኸ። «ቀስ በሉ! ሻንሲው! ሻንሲውን!»

እሌኒ አንድ እግሯን ከደጃፉ ውስጥ አስገብታ ቆማ ነበር። ስሟን የሚጠራ መስሏት ይሆናል። ሻንሲው መሆኑን ስትሰማ ሌላውንም እግሯን አስገባች።